ምልክቶችሽ ከፍላሹ ወጡ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ሰገነት፤

እንደምን ከርመሻል እታለም? ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል? የእናታችን ጉልበት በዚህ ብርድ ምን ይላል? ባለቤትሽን በፍቃዱንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለኝም። መርካቶ በዝናቡ ጭቃ ብትሆንም ሥራው አለ፤ ጭድ ተራ ባለው መጋዘን ከተሸካሚነት ወደ ዕቃ ተረካቢነት ካለፍኩ ወዲህ ወገቤም ዐርፏል።

ትናንት በስልክ «ተሳክቷል» እንዳልኩሽ ካርዴ አልቆ ተቋረጠ። የሆነውን በወጉ ልንገርሽ ብዬ ነው የምጽፈው።

የላክሽልኝን ፍላሽ የአውቶቡሱ ሾፌር ሰኞ ዕለት አስረከበኝ። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር መቃጠሉንና መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎችሽ ሦስት ዓመት ሙሉ የሣልሽው የእጅ ምልክት መጽሐፍ ከዚህች ፍላሽ በቀር የትም እንደሌለ ስለነገርሽኝ፣ ኪስ አውላቂ ፈርቼ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኳት። ከዚያም መጽሐፉን ለማተሚያ ቤት ያዘጋጅልሃል ወደተባልኩት ኮምፒውተር ጸሐፊ ሄድኩ፤ ስሙ ከተማ ይባላል።

ሲሰካው ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀ። ከተማም «ፎርማት ላድርገው ወይ ነው የሚለው፤ እሺ ካልነው ይከፍታል» አለና ማውሱን ያዘ። ቃሉን ስለማላውቀው ምን ማለት ነው አልኩት። «አጽድቶ እንደ አዲስ ማድረግ ነው» አለኝ። «ውስጡ ያለውንም ያጸዳዋል?» ስለው ጽሑፉን ደግሞ አነበበው። ከዚያ እጁን ከማውሱ ላይ አነሣና «ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅኸኝ፤ ላጠፋብህ ነበር» አለኝ። ሌላ ሁለት ኮምፒውተር ቤት ሞከርኩ፤ ያው ነው። አንዱማ «ባዶ ነው፤ እህትህ ሳትገለብጥበት ነው የላከችልህ» አለኝ። ይህን ለአንቺ መንገር አቃተኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ስልክሽን ያላነሣሁት ለዚያ ነው፤ ይቅር በይኝ።

ከተማ ግን ነገሩ ከንክኖት ኖሮ ትናንት መጋዘኑ ድረስ መጥቶ፣ ምን አለሽ ተራ ጫፍ ላይ ኮምፒውተር ወደምትጠግን ራህማ ወደምትባል ሴት ወሰደኝ። ራህማ የሆነውን ሁሉ ሰምታ፣ ፍላሹን ከመሰካቷ በፊት የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ከየት እንደመጣ ጠየቀችኝ። የውጭ አገር በጎ አድራጊዎች የሰጡት ነው ስላት ፈገግ አለች። «ፍላሹ ደኅና ነው። ያ ኮምፒውተር የሚሠራበት ፕሮግራም ከእኛ ዊንዶውስ ይለያል፤ ፍላሹም የተዘጋጀው በእሱ መንገድ ነው። የእኛው ማንበብ ስላቃተው ነው ባዶ የመሰለው» አለችኝ። ከመሳቢያዋ አንድ ሲዲ አውጥታም ኮምፒውተሯን በሲዲው አስነሣችው። በሲዲው ላይ ያለው ፕሮግራም ከእናንተው ጋር አንድ ዓይነት ነው አለች። ፍላሹን ስትሰካው ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አንቺ የሣልሽው እጅ ስክሪኑን ሞልቶታል! መቶ አራት ገጽ፣ አንድም ሳይጎድል። ሁሉንም የትኛውም ቤት በሚከፍተው በሌላ ፍላሽ ገለበጠችልኝ፤ ያንቺውም እንዳለ ነው።

አሁን ደግሞ ያልጠበቅሁትን ስሚ። ራህማ ገጾቹን ስታይ ቆይታ ድንገት ብድግ ብላ ወጣችና ወንድሟን ሙራድን ይዛ ተመለሰች። ሙራድ እዚያው ሰፈር ከቁርጥራጭ ብረት ምድጃ የሚሠራ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም። እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀመጠና አንድ በአንድ አየ። አንዳንዱን በራሱ እጅ እየደገመ ይስቃል። ሃያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ራሱን ነቀነቀ። «መዳፉ ወደ ውጭ መዞር አለበት፤ እንዲህ ከሆነ ሌላ ቃል ነው» ሲል በእህቱ በኩል ነገረኝ። የራሱን ሥዕል በወረቀት አድርጎ ሰጥቶኛል፤ ከደብዳቤው ጋር ታገኚዋለሽ። ያንቺን መልስ ሳልሰማ ስለማይሆን ለማተሚያ ቤቱ ገና አልሰጠሁም፤ ትምህርት ሳይከፈት እንዲደርስ ቶሎ በይ።

ሊሄድ ሲል ማን እንደሣለው ጠየቀ። እህቴ ናት፣ አስተማሪ ናት አልኩት። በእጁ ብዙ ተናገረ። ራህማም «እናታችን ያረፈችው ባለፈው ዓመት ነው። ይህ መጽሐፍ በልጅነቴ ቢኖር ከእናቴ ጋር አወራ ነበር ነው የሚለው» አለችኝ። እኔም እጁን ያዝኩት። ራህማ ለድካሟ የጠየቀችኝ ሲታተም አንድ ቅጂ ለሙራድ ልጆች እንዳመጣ ብቻ ነው።

እታለም፣ ባለፈው ፋሲካ «ለሰባት ተማሪ ብለሽ ዓይንሽን የምታጠፊው ለምንድን ነው?» ብዬሽ ነበር። አንቺ ግን አልተቆጣሽኝም። ምነው ያ ቃል ከአፌ ባልወጣ ኖሮ። እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው፤ ራህማንና ከተማንም ውለታቸውን ይክፈልልኝ።

ለእናታችን ለወይዘሮ የሻሽወርቅ ጉልበቷን ስሜያለሁ በይልኝ። በፍቃዱን ብርዱን እንዲጠነቀቅ ንገሪው። ልጅሽን ሔለንን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ እታገኝን በጣም ናፍቄአቸዋለሁ በያቸው። ሰባቱን ተማሪዎችሽንም፣ እነሱ በሚገባቸው ምልክት፣ አጎታችሁ ሰላም ይላችኋል በያቸው።

ወንድምሽ አስናቀው

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ጭድ ተራ
ነሐሴ 14 ቀን 2002 ዓ.ም.