የጋሽ ጉልላት ዕድሜ

ታኅሣሥ 26 ቀን 1968
ብርድ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ አለፈኝ፤ ከጦር ኃይሎች እስከ ሰፈሬ ኮልፌ በእግሬ መጣሁ። የመጽሔቱ ዓምዴ ባዶ ነው... ምን ልጻፍ? ዙሀራ ሱቅ ቆሜ ወሬ ስለቅም ጎረቤቴ ጋሽ ጉልላት እየሳቁ ገቡ። ሃያ ዓመት ኳስ ያጫወቱ ዳኛ።
«አስኩ፣ ስሜ ለአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተላከ! እነሱ ካጸደቁኝ ዋንጫው እዚሁ ሲካሄድ አጫውታለሁ!»
ዙሀራ፦ «ጋሼ፣ እነዚያን ግዙፎች ሮጠው ይደርሱባቸዋል?»
«ፊሽካው ይደርስባቸዋል!»
ዓምዴ ተገኘ።

ጥር 6
ዓምዴ ወጣ። «ጣልያን ሲገባ ዳዊት ደግመው የጨረሱ ልጅ ነበሩ፤ ዛሬም ወጣት ያስከነዳሉ» ብያለሁ። እንዴት አማረ! ባለቤታቸው እትዬ ከበደች ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል አሉ።

ጥር 20
ጋሽ ጉልላት ከዳኞቹ ዝርዝር ተሰረዙ።
ለዳኛ የዕድሜ ገደብ አለ ለካ፤ ሃምሳ የሞላው አይፈቀድለትም። ፎርሙ ላይ አርባ አራት ብለው ሞልተው ነበር። አንዱ የፌዴሬሽን ቢሮ ሰው የኔን ጽሑፍ ቆርጦ ከፎርሙ ጋር አያይዞታል። ጣልያን ከገባ አርባ ዓመት፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ከአሥር አያንስ። ማንም ይደምረዋል። እኔ ብቻ አልደመርኩትም።

ጥር 21
ሄድኩ። ጋሽ ጉልላት ቤት።
«ቢሮው ሄጄ ለወሬ ማሳመሪያ ዋሸሁ ልበል?» አልኳቸው።
«እውነቱን ነው የጻፍሽው፣ ልጄ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ወንበር ሳቡልኝ። ይባስ አሳፈሩኝ...
እትዬ ከበደች እስከ አጥሩ ሸኙኝ። «እሱ ይቅር ብሎሻል። እኔ ገና ነኝ።»

የካቲት 12
ጋሽ ጉልላት ለዋንጫው ያሰፉትን ጥቁር የዳኛ ልብስ ለሌላ ዳኛ ሰጡት አሉ። ይሰፋዋል ቢሏቸው «ያስጠብበው» አሉ።

የካቲት 21
ዋንጫው ተጀመረ። ኡጋንዳን ሁለት ለባዶ! ኮልፌ በጩኸት ተናጠች። የጋሽ ጉልላት ቤት ሬዲዮ ብቻ ዝም።
አመሻሽ ላይ ዙሀራ ሱቅ ሄድኩ። ሳቅ እስከ ውጭ ይሰማል፤ የማን ሠርግ እንደሆነ እንጃ፣ የሠርግ ወሬ ይዘዋል። ስገባ ጸጥ አሉ። አንዷ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሌላዋ ጣራውን አየች።
ዙሀራ «ምን ልስጥሽ?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ገና ከበሩ «ሰማሽ?» ነበር የምትለኝ።
ክብሪት አልኳት። ቤቴ ሞልቶ የተረፈ ክብሪት...