ለሦስት ሰው የምትበቃ ጀልባ

ይድረስ ለታናሼ፣ ለእማዬ የመጨረሻ ልጅ፣ ለቤታችን ሳቅ፤

እንደምን ከረምክ ወንድም ዓለም? ወገብህስ እንዴት ነው፣ ያ ጠዋት ጠዋት ቀስፎ የሚይዝህ ለቀቀህ? ሥራውስ? ባለቤትህስ ደህና ናት ወይ? የትንሿ ልጅህ የፊት ጥርስ በቀለ ወይስ እስካሁን ከንፈሯን ገጥማ ነው ፎቶ የምትነሣው? እኛ ለክፉ አይሰጥም፣ አለን። ጣሪያው በጓዳው በኩል ማፍሰስ ጀምሯል፤ ለእሱ ባልዲ ደቅነንለታል። ለናፍቆትህ ግን የምንደቅነው አጣን።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልኩ በጠራ ቁጥር እማዬ ከጎኔ ናት፤ ከጎኔ መሆኗ ብቻ ሳይሆን ዓይኗ አፌ ላይ ነው። የምነግርህ ደግሞ ላንተ እንዳልናገር ያስማለችኝን ነው። መሐላ ማፍረስ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ኃጢአቱን እኔ ልሸከመው፣ አንተ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ። ነገሩ ስትመጣ በጀልባ እንሳፈራለን ስላልኩህ ስለ ሐይቁ ቀን ነው።

ባለፈው ስትመጣ የሆነውን አልረሳኸውም። ገና ሻንጣህ ሳይገባ ግቢው ሞላ። ወንበር ከጎረቤት ተዋስን፣ እሱም አልበቃ ብሎ ሰው አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንዱ ሲወጣ ሁለት ይገባል፤ ሁሉም ያቅፍሃል፣ ሁሉም ያወራል፣ ቴሌቪዥኑም ከሰው እኩል ይጮኻል። አንተ መሃል ሆነህ ስትቀልድ ቤቱ በሳቅ ሲናወጥ እማዬም ከሰው ጋር ትስቅ ነበር። የሄድክ ዕለት የተዋስናቸውን ወንበሮች እየደረደረች፣ "ልጄ ነው የመጣው ወይስ ሠርግ ነበር?" አለችኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ቀልድ አልነበረም። እማዬ ያን ሰሞን ካወራኸው አንዱንም አልሰማችም። ሰው ሲስቅ አይታ ነው የሳቀችው።

እንዴት እንደደረስኩበት ልንገርህ። የምሠራበትን ስፌት ቤት ታውቀዋለህ፤ የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምንሰፋው፣ ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይንጣጣሉ። እዚያ ውስጥ የምንተማማው በከንፈር ነው። ከፊቴ ተቀምጣ ኮሌታ የምትሰፋው ጓደኛዬ ድምፅ ሳታወጣ የአለቃችንን ጠባይ ስትዘረዝርልኝ ትውላለች፣ አንድ ቃል አያመልጠኝም። ታዲያ አንድ ቀን ዕቃ እያጠብኩ፣ ጀርባዬን ለእማዬ ሰጥቼ "ውሃ ጠፋ" አልኳት፤ ዝም አለችኝ። ዞር አልኩና ያንኑ በከንፈሬ ብቻ፣ ያለ ምንም ድምፅ አልኳት። "በርሜሉ ውስጥ አለልሽ" አለችኝ። ሳሙናው እጄ ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። አፋችንን እያነበበች ስንት ጊዜ እንደኖረች እንጃ።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። የግራው ጨርሶ ሄዷል፣ የቀኙም እየሳሳ ነው፣ አይመለስም አለን። ማዳመጫ መሣሪያ ሰጣት፤ እሷ ግን በመሐረብ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስተኛችው። "የወደቀ ማንኪያ ነው የሚያሰማኝ እንጂ የሚያወራ ሰው አይደለም" ትላለች። ጫጫታ ባለበት እውነቷን ነው፣ ሁሉንም አንድ ላይ ደባልቆ ይጮኽባታል። ያስማለችኝም ያን ቀን ነው፤ "በሰው አገር ያለበት ሐሳብ ይበቃዋል፣ እኔ አልጨምርበትም" ብላ። ክረምት ላይ ጉንፋን ጥሎኛል ስትላት "እሰይ፣ እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብትልህ ተቀይመሃት አልነበር? ይኸው ምክንያቱ። በስልክ ከንፈር አይታይም ወንድሜ። ፊትህን እያሳየህ ስትደውልም ምስሉ እየተቆራረጠ አፍህ ሌላ፣ ቃልህ ሌላ ይሆንባታል።

ከሐኪሙ እንደወጣን እንዲሁ ወደ ቤት መግባት አስጠላኝና በአውቶቡስ ይዣት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የሐይቅ ዳር መናፈሻ ሄድኩ። የሥራ ቀን ስለነበረ ከአትክልተኛውና ከዳክዬዎቹ በቀር ማንም የለም። ባለ ጀልባው ሁለታችንን አሳፍሮ ከፊት ሆኖ ቀዘፈ። በዕድላችን ያን ቀን ጉሮሮውን አሞት ዝም ብሎ ነበር። መሃል ስንደርስ መቅዘፊያውን አሳረፈ። እኔና እማዬ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ነው የተቀመጥነው። እንደለመድኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ "በረደሽ ወይ?" ስላት፣ "ምን ያስጮኽሻል፣ እሰማሻለሁ" አለችኝ።

እውነትም ትሰማኝ ነበር። ግድግዳ የለ፣ ሳህን የለ፣ ሌላ ሰው የለ፤ ቃሌ ብቻውን ሄዶ ገባላት። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት። የልጅነቷን፣ የአባታችንን፣ ሳናውቃት የሞተችውን አክስታችንን ሁሉ አወራችኝ፣ ፀሐይ ፊታችንን እስኪልጠው ድረስ። በመጨረሻ ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰለህ? "ወንድምሽ ሲሄድ በሩ ላይ አቅፎኝ ጆሮዬ ሥር አንድ ነገር ብሎኝ ነበር፤ ምን ነበር ያለኝ?" አለችኝ። በግራ ጆሮዋ በኩል ነው ያልካት። እኔም አልሰማሁም አልኳት። ፊቴን ወደ ውሃው አዞርኩ።

ዕቅዱ የመጣው እንግዲህ ከዚያ ነው። አንድ ቀን፣ አንዲት ጀልባ፤ እማዬ፣ አንተና እኔ። ባለ ጀልባው ግን ጉሮሮው ሲሻለው ወሬኛ ሆኖ ተገኘ፤ ስለ ዓሣው ጀምሮ ስለ አማቱ እስኪጨርስ አይተነፍስም። ስለዚህ እሱን ዳር ላይ ጥለነው ራሴ ልቀዝፍ ቆረጥኩና በየዕረፍት ቀኔ እየሄድኩ መማር ጀመርኩ። መጀመሪያ ጀልባዋ ከዳር ሳትርቅ እዚያው ትሽከረከርብኝ ነበር፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የተባለው ለእኔ ነው። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ መርፌ መያዝ አቃተኝ። የስፌት ቤት ጓደኞቼ "ዛሬ ስንት ሰው አሻገርሽ?" እያሉ ይስቁብኛል። አሁን ግን ቀጥ አድርጌ እወስዳችኋለሁ። ትንሽ የሚቀረኝ መመለሱ ላይ ነው።

ካንተና ከእማዬ በቀር ለማንም ሳልናገር ይዤው ነበር። እማዬ ግን ደስታ ሆዷ ውስጥ አይቀመጥላትም፣ ራዲዮ ለምንላት አክስታችን ነገረቻት። ራዲዮን ታውቃታለህ፣ ለእሷ መንገር ለሰፈሩ ማሰራጨት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ የራሴን ዕቅድ ከባለ ሱቁ ሰማሁት፤ "ሚኒባስ ተገኝቷል፣ ሁላችንም እንመጣለን" አለኝ። የአጎታችን ልጅ ያንን ትልቁን ስፒከሩን ሊያመጣ ነው። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ሁላችንን የሚይዝ ባለ ሞተር ጀልባ እንከራይ ይላል፤ ሞተሩ ሲነሣ የራሱን ስም እንኳ የሚሰማ የለም። አትምጡ አይባል ነገር፣ ዘመድ ናቸው፣ የናፈቃቸውም አንተ ነህ።

ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቼ መላ አገኘሁለት። ይምጡ። ዳር ላይ ጥላው ሥር ይብሉ ይጠጡ፣ ስፒከሩንም እንዳሻቸው ያስጩኹት። ባለ ጀልባውን ለምኜዋለሁ፤ "ይህቺ ጀልባ ከሦስት ሰው በላይ አትችልም" ብሎ ይምልልኛል። እውነቱን ለመናገር አምስት ትችላለች። ራዲዮ እንደሆነች ውሃ ስለምትፈራ በዋና አትከተለንም።

ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ እንሳፈራለን። እማዬ ከኋላ ትቀመጣለች፣ አንተ መሃል ሆነህ ፊትህን ወደ እሷ ታዞራለህ፣ እኔ ጀርባህን እያየሁ እቀዝፋለሁ። ፀሐዩ ፊትህ ላይ እንዲያርፍ አቅጣጫውን ለይቼዋለሁ፣ ከንፈርህን ደህና አድርጋ ትየው። ጺምህን ተላጭ። ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ፣ አምሮብሃል፣ ግን አፍህን ሸፍኖታል። እንዳትጮኽ፣ እያየሃት ረጋ ብለህ ተናገር። ሁለተኛው ዙር የባለቤትህና የትንሿ ነው፣ ትንሿ እናቷ ጭን ላይ ስለምትሆን ከሦስቱ አትቆጠርም፤ እማዬ የልጅቱን መልክ እንጂ ድምፅ እስካሁን አታውቅም። እኔ ምንም አልናገርም። እኔን ያማረኝ ሁለታችሁ እንደ ድሮው ስትጨቃጨቁ ከኋላ ሆኖ መስማት ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ እማዬን ተከራክሮ የሚያስቃት ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። እኔ ስከራከራት ታኮርፋለች።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ባለፈው እሁድ ስትደውል "ሥራ ጠንከር ብሎብኛል፣ ዘንድሮ አልሆነም፣ ለከርሞ እመጣለሁ" ስትላት አጠገቧ ሆኜ ሰምቼሃለሁ። እሷም "እሺ ልጄ፣ ጥሩ ነው፣ በሰላም ያድርገው" አለችህ። እናቴ ተረዳችኝ ብለህ ቀለል ሳይልህ አልቀረም። አልተረዳችህም። ስልኩን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረችና "ድምፁ ደስ ደስ ይላል፤ መምጫው መቃረቡ ያስታውቃል" አለችኝ። እኔ ምን ልበላት? እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ዓይኗ ከንፈሬን ሲጠብቅ ሳይ መልሼ ዘጋሁት። በማግስቱ ፍራሽህን ፀሐይ ላይ አወጣችው። የክፍልህን መጋረጃ አጠበች። ለጀልባው ብላ ሰፊ ባርኔጣ ገዝታ መስታወት ፊት ስትሞክር አየኋት፤ ከጎን ከጎኗ እያየች ለብቻዋ ትስቃለች።

የሥራን ነገር አላቃልልብህም፤ እኔም የሰው ማሽን ላይ ተቀምጬ ነው የምውለው፣ ፈቃድ መጠየቅ ምን እንደሚያህል አውቃለሁ። ግን ሐኪሙን የቀኙ ጆሮ ለከርሞ ይቆይልኛል ወይ ብዬ ስጠይቀው ቃል ልሰጥሽ አልችልም ነው ያለኝ። ሳምንትም ትሁን፣ ሦስት ቀንም ትሁን፣ ና። ሐይቁ ለከርሞም እዚያው ነው፣ ጀልባዋም የትም አትሄድም። ላቆይልህ ያልቻልኩት የእማዬን ጆሮ ነው።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ለእሷም አንብብላት፣ ከእኔ ይልቅ እሷ ትጨክንብሃለች። ትንሿን ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ፣ አክስትሽ ባለ ጀልባ ሆናለች በላት። ራዲዮ፣ ባለ ሱቁና ፀጉር አስተካካዩ እንደምን ሰነበትክ ብለውሃል። የአጎታችን ልጅ ምን ዓይነት ዘፈን እንደምትወድ ጠይቂው ብሎኛል፣ አትመልስለት። እማዬ ስጽፍ አይታኝ "ለእሱ ነው?" አለችኝ፤ ወረቀቱን በክንዴ ሸፍኜ ራሴን ነቀነቅኩላት። "በነገረኝ ቀን በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ በይው" ብላለች። የትኛውን ቀን የነገርካት እንደመሰላት አልጠየቅኳትም።

ታላቅ እህትህ
ከቤታችን፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር
ሐሙስ፣ መጋቢት 9