በእኔ ካርድ ላይ የገባው ስኳር

ጥቅምት 6
የክሊኒካችን ላብራቶሪ ኮምፒውተሮች ከካርድ ክፍሉ ጋር አይነጋገሩም። አንዱ መረብ አሮጌ፣ ሌላው በእርዳታ የመጣ። ውጤት አሁንም በወረቀት ግቢውን ያቋርጣል፤ ሲዘንብ ይረጥባል። ሁለቱን የሚያገናኝ ጌትዌይ ሶፍትዌር ምረጥ ተብያለሁ። ኮምፒውተር የሚነካ ሌላ ሰው እዚህ የለም። ላንተ ለማስታወሻዬ ካልነገርኩ ለማን።

ጥቅምት 8፣ ጠዋት
እጩዎቹ ሁለት። አንደኛው ፈጣን፤ ስምና ስልክ ከገጠመለት ውጤቱን ካርዱ ላይ ለጥፎ ያልፋል። ሁለተኛው ነዝናዛ፤ ዕድሜ እንኳ ካልገጠመው ቆሞ ሰው ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጥላሁን አይተውት ሳቁ። አማት ቀጠርክብን አሉ። ሁለቱንም ለሙከራ ጫንኩ። ልቤ ወደ ፈጣኑ ነው።

ጥቅምት 12
ዝናብ። አባቴ ከገጠር መጣ። ከስቷል፣ ውሃ አይጠግብም። ጆሮውም ደክሟል። ካርድ አወጣሁለት፤ ስልክ ስለሌለው የእኔን አስመዘገብኩ። ለደም ምርመራ ባለቤቴ አስቴር ወሰደችው።

ጥቅምት 13
ዶክተሩ የአባቴን ውጤት አላገኘም። ነገ ይምጡ አለ። አባቴ ነገ አገሬ እገባለሁ ይላል፤ ላሙ ልትወልድ ነው። እሱን የሚመልስ የለም።

ጥቅምት 14፣ ባጃጅ ውስጥ

ጠዋት ፈጣኑን መርጬ ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ። ለመጨረሻ ሙከራ የራሴን ካርድ ከፈትኩ። ደም አልሰጠሁም። ስኳሬ ግን ጣሪያ ነክቷል።
አስቴር ጋ ደወልኩ። የሀዲያ ምራት ናት፤ በወጉ ነውር ስለሆነ የባሏን አባት ስም አትጠራም። እኔ ደግሞ ይህን እያወቅሁ ላክኋት።
"ስማቸውን እንዴት ልጥራ?" አለች። "በአንተው ስም፣ የደሳለኝ አባት አልኩ። ሰልፉ ብዙ ነበር፤ የላብራቶሪዋ ልጅ ደሳለኝ ብላ ከነዕድሜያቸው ጻፈች። ስልክ ስትለኝ ያንተን ሰጠሁ።"
ፈጣኑ ስሜንና ስልኬን አይቶ የአባቴን ደም ለእኔ ሰጠ። ነዝናዛውን ከፈትኩ። ያንኑ ውጤት ይዞ ቆሟል። ዕድሜው አልገጠመም፣ የማን ነው ይላል። ሲጠይቅ ከርሟል፤ ዞር ብዬ አላየሁትም።
እኛ ሰልፍ ላይ እንደ አስቴር ያለች ስንት ምራት ትቆማለች?
አባባስ አልኳት። መናኸሪያ ሄደዋል አለች።
ቃለ ጉባኤው ላይ የፈጣኑን ስም ሰርዤ የነዝናዛውን ጻፍኩ። አቶ ጥላሁን ማህተሙን አንስተው፣ ምን ነካህ፣ ቁጭ በልና አስረዳኝ አሉ። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ትቼ ወጣሁ።
መናኸሪያው ታየ። ሚኒባሱ ገና ሰው እየጠራ ነው።