ጥርት ባለ ሌሊት ስለተነሣው ደመና

ለተከበሩ የከተማችን የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ ከወንበርዎ ጋር ተደላድሎ እንዲሰነብት፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳይነጥፍበት ከልብ እየተመኘሁ፣ ቀን ቀን ፍሪጅ እየጠገንኩ ማታ ማታ ሰማይ ፎቶ የማነሣው አመልካችዎ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። ይህን ለብቻዎ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ስለ ቢሮዎ የሚወራው ለእርስዎ ብቻ ሳይደርስ እንዳይቀር ብዬ በጋዜጣ፣ በአደባባይ አደረግሁት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በከዋክብት መካከል የተንጣለለ የጋዝና የአቧራ ክምችት አለ፤ የሙያው ሰዎች ኔቡላ ይሉታል። እኔ ጽጌረዳ የሚመስለውን አንዱን፣ ከምንኖርበት ሕንጻ ጣሪያ ላይ በውሃ ታንከሮች መካከል ተቀምጬ፣ በአሥራ ዘጠኝ ሌሊቶች አነሣሁት። ካሜራ ሲሞቅ ምስሉ ላይ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ስለሚበትን፣ ከተበላሸ የውሃ ማቀዝቀዣ በነቀልኩት ክፍል አቀዘቀዝኩት። ከሁለት መቶ በላይ ምስሎች ደራርቤ አንድ ፎቶ አወጣሁና ከነጥሬ ምስሎቹ በሃርድ ዲስክ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጌ አስገባሁልዎ። ቅጂ አለማስቀረቴ የራሴ ጅልነት ነው። ቅጹ ላይ "የተነሣው ነገር ምንነት" በሚለው ቦታ፣ ኔቡላ ብል ማን ያውቅልኛል ብዬ "ደመና" ብዬ ጻፍኩ። ጣጣዬ ሁሉ ከዚህች ቃል መጣ።

አንደኛ፤ "ደመና" የምትለውን ቃል እንዳዩ ጉዳዩን ወደ አየር ትንበያ ክፍል ስለመሩልኝ አመሰግናለሁ። የትንበያው ባለሙያ በቅን ልቦና መዝገባቸውን አገላብጠው፣ በተጠቀሱት ሌሊቶች ሰማዩ ጥርት ያለ እንደነበርና አንድም ደመና እንዳልታየ በፊርማቸው አረጋገጡ። እውነታቸውን ነው። ደመና ቢኖር ኖሮ እኔም እንደ ሰው ተኝቼ አድር ነበር። እርስዎ ግን ምስክርነቱን ይዘው "በዕለቱ ያልነበረ ደመና የቀረበበት ሐሰተኛ ፎቶ" ሲሉ ወሰኑ።

ሁለተኛ፤ ቅጹ ርቀት ስለሚጠይቅ፣ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ አምስት ሺህ ዓመት ያህል እንደሚፈጅበት ጻፍኩ። ቦታው ከከተማው ክልል ውጭ ስለሆነ የአካባቢው አስተዳደር የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልህ አሉኝ። ዛሬ ብልክላቸው መልሱ የሚደርሰኝ ከአሥር ሺህ ዓመት በኋላ ነው፤ የእርስዎን ቢሮ ለለመደ ሰው ግን ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ቀጠሮ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ለማነጻጸሪያ ያንኑ ቦታ በቀን ብርሃን አንሥተህ አምጣ ተባልኩ። ታዘዝኩ፤ ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ የሆነ አንድ ወረቀት አቀረብኩ። እሱን "ተፈጥሯዊ" ብለው ስለተቀበሉልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

አራተኛ፤ ቅጹ ላይ "ፎቶውን በኮምፒውተር አቀናብሬዋለሁ" ያልኩትን ኮሚቴዎ በቀይ አስምሮ "የተቀነባበረ መሆኑን አመልካቹ ራሱ አምኗል" ብሎ ጻፈበት። ክቡርነትዎ፣ ጥሬ ምስሎቹ ሁሉ ግራጫ ናቸው። ካሜራው ላይ የምገጥመው አንዱ ማጣሪያ የሃይድሮጅንን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል፣ ሌላው የኦክስጅንን፤ ለየአንዳንዱ ቀለሙን ሰጥቶ ማዋሐድ ነው ሥራው። ለግራጫ ፎቶ ቀለም የሰጠ ሁሉ አጭበርባሪ ከሆነ አባቴም አላመለጡም። አርባ ዓመት ፎቶ ቤት ተቀምጠው ጥቁርና ነጭ ፎቶ በብሩሽ ሲያቀልሙ የኖሩ ሰው ናቸው። የወላጆችዎ የሠርግ ፎቶ ላይ ጉንጫቸው ፈካ ብሎ ከታየ፣ የአባቴ እጅ ሳይኖርበት አይቀርም።

አምስተኛ ብዬ መቀጠል እችል ነበር፤ ግን ሳቁ አለቀብኝ። የአባቴ ዓይን እየጠፋ ነው። ይህን ፎቶ ሳቀናብር አጠገቤ ወንበር ስበው፣ አፍንጫቸው የኮምፒውተሩን መስታወት እስኪነካ ተጠግተው፣ ጣት የምታህል ቦታ ብቻ እያዩ "አንተ ልጅ፣ ቀዩን ቀንስ! ጉንጭ እኮ አይደለም!" ይሉኝ ነበር። አስቀነሱኝ፤ ልክ ነበሩ። ቀለሙ እንዲህ ያማረው በእሳቸው ነው። ሙሉውን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላዩትም። ሐኪሙ ለዓይናቸው የቀረውን ጊዜ በወራት ነው የነገረን፤ በጣም ትልቅ ከሆነና ጥሩ ብርሃን ካገኙ ሊያዩ ይችላሉ ብሎናል። ዐውደ ርዕይዎ የተመረጡትን ፎቶዎች ሦስት ሜትር አድርጎ ግድግዳ ላይ ያትማል። የተወዳደርኩት ለሽልማት አልነበረም፤ ለዚያ ግድግዳ ነበር።

ዲስኩ "ለምርመራ" ከተያዘ አራት ወር ሆነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ከእኔና ከቢሮዎ ሞኙ ማን፣ ወረቀቱ ማን እንደሆነ ገና አልለየሁም። ከውድድሩ በፈቃዴ ወጥቻለሁ። ከፈለጉ አጭበርባሪ ነኝ ብዬ እፈርምልዎታለሁ። ዲስኩን ብቻ ይመልሱልኝ፤ ሸራ ላይ አሳትሜ ሳሎናችን እሰቅለዋለሁ። እባክዎን ይፍጠኑልኝ።

ያልነበረ ደመና አንሥቼ የተያዝኩ፣ ማቀናበሬን በገዛ እጄ ያመንኩ፣ ከጠረጴዛዎ ፊት ቆሜ ከከተማው ክልል ውጭ የተባልኩ፣ የቢሮዎ ፍሪጅ ሲበላሽ ግን ሳይውል ሳያድር የምጠራ፤

ታዛዥዎ ፍሪጅ ጠጋኝ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ደብዳቤው ጋዜጣው ዘንድ ተራ ሲጠብቅ ዲስኩ ተመልሶልኛል፤ አመሰግናለሁ። አሁን አይቸኩልም። አባቴ ከማክሰኞ ጀምሮ መስኮቱ የት እንዳለ በእጃቸው ዳብሰው ነው የሚያገኙት። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ፦ ፖስታው ላይ እኔ የለጠፍኩት ፕላስተር፣ በላዩ ከፈረምኩት ፊርማ ጋር እንዳለ ነው። አራት ወር የተመረመረው ፎቶ አንድ ቀንም አልተከፈተም። ይህን ስነግራቸው አባቴ ፕላስተሩን በጣታቸው ዳር እስከ ዳር ዳስሰው "እኔስ ዓይኔ እምቢ ብሎኝ ነው፤ ሰውዬው ምን ሆነው ነው?" አሉኝ። መልሱን በጽሑፍ ይላኩልን፤ እኔ አነብላቸዋለሁ።