አባትህ ያሸገው መስኮት

ልጄ፣ የረገጥከው መሬት ይለምልምልህ፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ከአምናው ይሻላል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አፈና» የሚለውን ቃል ሳስተምር ምሳሌዎቼ ጭስ የሞላው ክፍልና ሕዝቡን ዝም ያሰኘ ንጉሥ ነበሩ። ዛሬ አባትህ ጭሱንም ንጉሡንም ተክቶልኛል። አንዴ አስነጠሰውና የመኝታ ቤታችንን መስኮት ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው። «ይህ እኮ አፈና ነው!» ብዬ ብጮህበት፣ «የታፈነ ሰው ድምፁ አይሰማም፤ አንቺ ከጠዋት ጀምሮ መቼ ዝም አልሽና?» አለኝ።

እሱ የሚሰማው ያንተን ቃል ብቻ ነው። ስትደውል እንደ ራስህ ሐሳብ አድርገህ ስለ ንጹሕ አየር ንገረው፤ እኔን አታንሳ። አምላክ ሰፊ ቤትና መስኮት የማትዘጋ ሚስት ይስጥህ። ብቻ ቶሎ ደውል፤ ፕላስተሩን በየቀኑ አንድ ጣት ያህል እየላጥኩ ነውና፣ አባትህ ሳያውቅብኝ በፊት መስኮቱን የመክፈት ፈቃድ ይድረስልኝ።

እናትህ