ዕረፍት ያልሆነላቸው መካኒክ፦ የአቶ ሙለታ ዱጉማ የሕይወት ታሪክ (1948–2007 ዓ.ም.)

አቶ ሙለታ ዱጉማ ከአባታቸው ከአቶ ዱጉማ ቶኩማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዲንቄ ሆርዶፋ በ1948 ዓ.ም. በአምቦ አካባቢ ተወለዱ። እናታቸው «ይህ ልጅ በሆዴ ሳለም አንድ ቦታ አልረጋ» ይሉ ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1965 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ጌጃ ሰፈር፣ አጎታቸው ቤት ገቡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ምሳቸውን ተቀምጠው ሲበሉ ያያቸው ሰው ጥቂት ነው።

በ1974 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሺሀረግ ወልዴ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ቢፍቱንና ቶኩማን ወለዱ። በናፍጣ ሞተር ሥራ ብዙ ዓመት ካገለገሉ በኋላ በ1985 ዓ.ም. አብነት ሰፈር የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። «በሽተኛ ሲድን ገላውን ይታጠባል» እያሉ፣ የጠገኑትን መኪና የጋቢናውን ወለል ጭምር በውሃ ጎማ ሳያጥቡ አያስረክቡም ነበር።

በ2001 ዓ.ም. እንደ ልጃቸው የሚያዩት ሹፌር ኑሪ ሁመድ የሚነዳው ከባድ መኪና ዐባይ በረሃ ዳገት ላይ ነዳጅ እየተረገጠ ሞተሩ አልታዘዝ አለ። የጋራዡ መመርመሪያ ኮምፒውተር የነዳጅ ፔዳሉን ሴንሰር ጠቆመ። አቶ ሙለታ ቀየሩት፤ አጥበውም ሸኙት። በማግስቱ ዳገቱ ላይ ያው ሆነ። ደግመው ቀየሩት፤ አሁንም ያው። ጋራዥ ተመልሶ ሲፈተሽ ግን ደህና ነው። የመኪናው ባለቤት «ሹፌሩ መንገድ ሲሰለቸው የሚፈጥረው ሰበብ ነው፤ ከተደገመ ቁልፉን ያስረክብ» አሉ።

የኑሪ እንጀራ በእጃቸው ላይ ሊቆረጥ መሆኑ አቶ ሙለታን ሰላም ነሳቸው። ልደታ ቅዳሴ ቆመው እንኳ ቀኝ እግራቸው ነዳጅ ይረግጥ ስለነበር ወ/ሮ የሺሀረግ ይቆነጥጧቸው ነበር። በመጨረሻ መኪናውን እንደ ልማዳቸው አጥበው ራሳቸው አብረው ተሳፈሩ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ሲደክም ጎንበስ ብለው የፔዳሉን ሶኬት ነቀሉት። ውሃ ቋጥሯል። ጋራዥ እስኪመለስ የሚደርቀው፣ እሳቸው የረጩት ውሃ ነበር። ኑሪ «ጋሼ፣ አሁንም ሴንሰሩ ነው?» ቢላቸው፣ «የለም ልጄ፣ ሙለታ ነው» አሉት።

እንደተመለሱ ቤታቸው ሳይገቡ የመኪናው ባለቤት ቢሮ ሄደው «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጁን አይንኩብኝ» አሉ። ኑሪ ሥራው ላይ ቆየ። «ሙለታ አርጅቷል» ብለው የቀሩ ደንበኞች ነበሩ፤ አልተከራከሯቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን ከጋራዣቸው የወጣ መኪና ዳገቱን መውጣቱን በስልክ ሳያረጋግጡ እህል አይቀምሱም ነበር።

አቶ ሙለታ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 12 ቀን 2007 ዓ.ም. ልደታ ኮንዶሚኒየም በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። ያን ዕለት ኑሪ ከዳገቱ አናት ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ቢፍቱ ነበረች። «ወጥቻለሁ፣ ምሳቸውን ይብሉ በያቸው» አላት።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ዕድሜ ልካቸውን ተቀመጡ ብለን ለምነናቸው እምቢ ያሉንን አባት፣ እግዚአብሔር እሺ አሰኝቶ በአብርሃም አጠገብ ያስቀምጥልን። አሜን።