ማርታ አልጋ ሥር

ኅዳር 12 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ መካኒሳ

ልጄ ማርታ ዛሬም የጥርስ ሳሙናው ሲሸታት ጆሮዋን ይዛ አልጋ ሥር ገባች። ድዷ አብጧል፤ ሐኪሙ ጥርሶቿ ካልጸዱ ይነቀላሉ ብሏል።

ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ «እኔ እጇን ልያዝልሽ፣ አንቺ ፍቂላት» አሉኝ። አባቷ በሕይወት ሳለ እንደዚያ አድርገናት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እጄን ትፈራለች። ማርታ ስላለባት የአእምሮ ዕድገት ችግር፣ ስለ ኦቲዝም፣ ያነበብኩት ጽሑፍ ልጅን አታስገድዱ እንደሚል ነገርኳቸው።

«ጥርሷ ሲረግፍ ወረቀትሽ ያላምጥላታ!»

ወለሉ ላይ ጋደም ብዬ የወይራ መፋቂያዬን ማኘክ ጀመርኩ። አዲስ መፋቂያም አጠገቤ አስቀመጥኩ። ቆይቶ እጇ ከአልጋው ሥር ወጣ። አዲሱን ትታ የእኔን ከአፌ መዘዘች። ስትፍቅ ይሰማናል። ያበጠው ጋ ትድረስ አትድረስ አላውቅም። እትዬ በላይነሽ ጎንበስ ብለው ሊያዩ ሲሉ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።